ሽምብራዬን የበላ ሁሉ

ምን ጥልቅ አደረገኝ? ቤቴ ተቀምጬ ጥጤን ብፈትል ማን ከለከለኝ? የልጅ ልጄ ማስተዋል ደውላ «እምዬ፣ ለገና ሁለት ቀን ባሕር ዳር ይሰንብቱ፣ ትልቅ የገና ገበያ አለ፣ ይዝናናሉ» ስትለኝ፣ «አይ ልጄ፣ እኔ ወገቤን ነው» ማለት ሲገባኝ አፌ ቀድሞ «መቼ ነው የምንሄደው?» አለ። አፌ እንዲህ ነው። እኔን ሳያማክር ይወስናል፣ ከዚያ ወገቤ ይከፍላል።

ፊደል አልቆጠርሁም። ይኸን የምትጽፈው እሷው ማስተዋል ናት። እኔ አወራለሁ፣ እሷ ስልኳን ትነካካለች። እንዳልሁት አድርገሽ ጻፊው ብያታለሁ፤ አሳምራ ጽፋው እንደሆነም አላውቅባትም።

ገበያው ድንኳን ነው። ነጭ ድንኳን ተርታውን ተተክሏል። ለቅሶ ቤት መስሎኝ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ልለብስ ስል ማስተዋል እጄን ያዘችኝ። በሩ ላይ የላስቲክ ጥድ አቁመው ነጭ በነጭ አድርገውታል።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«በረዶ ነው እምዬ።»

እጄን ሰድጄ ነካሁት። ጥጥ ነው። ያውም ፍሬው የወጣለት፣ የተባዘተ፣ ለስላሳ ጥጥ። እንዴት ዝም ብዬ ልለፈው? ከታችኛው ቅርንጫፍ ጭብጥ አደረግሁና በጣቴ ጠምዘዝ ጠምዘዝ እያደረግሁ ስስበው ሸጋ ክር ወጣው። ጥበቃው መጣ።

«እማማ፣ ጌጡ አይነካም።»

«በረዶ ነው ስትሉኝ፣ ሳይቀልጥ ልፍተለው ብዬ ነው ልጄ።»

ማስተዋል ዞር ብላ ሳቀች። ጥበቃውም ሊስቅ ፈልጎ ሥራው አልፈቀደለትም።

ወደ ውስጥ ስንገባ ደግሞ አንዱ ቀይ በቀይ ለብሶ፣ ያንኑ ጥጥ አገጩ ላይ ለጥፎ ደወል ይነቀንቃል። በዚያ በባሕር ዳር ፀሐይ ላቡ በጥጡ ውስጥ ይንቆረቆራል። ጎንበስ አልሁና «አባቴ፣ መስቀልዎን ያሳልሙኝ» አልሁት። ሰውየው ክው አለ።

«ኧረ እማማ፣ እኔ የገና አባት ነኝ።»

«ታዲያ አባት ሆነው ያለ መስቀል ይወጣሉ?»

ጢሙን ወደ ታች ሳብ አድርጎ ፊቱን አሳየኝ። «ለዛሬ ብቻ ነው እማማ፣ ይተዉኝ» አለ። ተውሁት። አሳዘነኝ።

እንዲህ እየተሳሳቅን ስንዞር፣ ከድንኳኖቹ ሁሉ ኋላ፣ አጥሩ ሥር፣ አንዲት ሴት እሸት ሽምብራ ከነሥሩ ነቅላ እያሰረች ተቀምጣለች። ጥቂቱን እሳት ላይ ለብለብ አድርጋዋለች። የተለበለበ እሸት ሽምብራ ሽታው ሁለት ነው፤ ቅጠሉ ይጎመዝዛል፣ ፍሬው ይጣፍጣል፣ ጭሱ ሁለቱንም አንድ ላይ ያመጣብሻል። እግሬ ቆመ።

«ደከመዎት እምዬ?»

«አልደከመኝም። እናቴ መጣች» አልኋት።

ፊቷ ተለዋወጠ። ናላዋ ዞረ ብላ ይሆናል። ወንበር አምጥታ አስቀመጠችኝ፣ ሽምብራውን ገዛችልኝ፣ እኔም እየፈለፈልሁ ነገርኋት።

ስንት ዓመቴ እንደነበር አትጠይቁኝ። የፊት ጥርሴ ሁለቱ ወልቆ ነበር፣ በዚያ ገምቱት። ቤታችን ከወረታ ወደ ሐሙሲት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሜዳው ላይ ነው። ክረምት ውኃ ይተኛበታል፣ ውኃው ሲሸሽ ሽምብራ ይዘራበታል። በዚያ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ የእማ እግር አበጠ። መጀመሪያ ግራው፣ ቀጥሎ ቀኙ፣ ሁለቱም ቅል አከለ። መርገጥ አቃታት። በኅዳር መንገዱ ሲደርቅ አራት ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው ወንዛዬ ፍል ውኃ ሊወስዷት መጡ።

እኔ ቃሬዛ የማውቀው ሬሳ ሲሄድበት ነው። ሲያነሷት «አልሞተችም እኮ፣ ዓይኗ ይታያል» እያልሁ አለቀስሁ። እማ ከተኛችበት ቀና አለች።

«ገና ነኝ የሺ፤ አትቸኩይ» አለችኝ።

ተሸካሚዎቹ ሳቃቸው መጣባቸው፣ ቃሬዛው ተወዛወዘ። ማሾፍ ከእሷ ነው የወረስሁት።

ሁለት ሰባት ተነክራ ትመለሳለች ተባለ። እዚያ የሚቆጠረው በሰባት በሰባት ቀን ነው። ሁለቱ ሰባት አለቀ፣ ሦስተኛውም አለቀ። አባ ጤፉን ሳይወቃ ከአውድማ መራቅ አልቻለም። እኔ ከእናና ጋር ቀረሁ። እናና የአባቴ እናት ናቸው፤ ሰው አይደሉም፣ ዳኛ ናቸው። የተናገሩት አይመለስም፣ ይግባኝም የለውም።

የእኔ ሥራ ሽምብራ መጠበቅ ሆነ። ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ እሄዳለሁ። የሽምብራ ቅጠል ጤዛ ይጎመዝዛል፤ በመካከሉ ሄጄ ስወጣ ቅልጥሜ፣ እጄ፣ ቀሚሴ ሁሉ ይጎመዝዛል። ጣቴን እልሳለሁ፣ ቀጥሎ ክንዴን እልሳለሁ፣ ሰው ካላየኝ ቀሚሴንም እልሳለሁ። ከብት ሲመጣ አባርራለሁ። መንገደኛ ሲመጣ እቆጣለሁ። እሸት ያማረው መንገደኛ ጭብጥ ነቅሎ ቢያልፍ በአገራችን ማንም ምንም አይለውም፤ እኔ ግን ዱላ ይዤ እከተለዋለሁ።

ማታ ማታ ደግሞ የማያት ነገር አለችኝ። ከጎተራው ጥግ፣ ጭቃው እርጥብ ሳለ እማ የረገጠችው የቀኝ እግሯ ዱካ ደርቆ ቀርቷል። አምስቱ ጣት አንድ ባንድ ይታያል። ዶሮ እንዳይጭረው የገንቦ ስባሪ ደፋሁበት። ሲከፋኝ፣ እንግዲህ ልጅ ነኝ፣ ስባሪውን አንስቼ እግሬን ውስጡ አስቀምጣለሁ። የእኛ አገር ዋልካ አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ መጥቶ መጥቶ በዱካው ወገብ አለፈ። ቀን በቀን ሲሰፋ ዱካውም ረዘመ። እኔ ግን ስንጥቁን አላየሁትም። ያየሁት ዱካው መርዘሙን ነው። «እናና፣ የእማ እግር እያደገ ነው፣ እየዳነች ነው» አልኋቸው። እናና አዩኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

አንድ ቀን አያ ካሴ መጣ። አያ ካሴ በርበሬ በአህያ ጭኖ ከገበያ ገበያ የሚዞር ነጋዴ ነው። በወንዛዬ በኩል አልፎ ነበር። አባ ከአውድማው መንሹን እንደያዘ ሮጠ፣ እናና ወጡ፣ ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴም ማንም ሳይጠራት ደረሰች።

«አየኻት?» አለ አባ።

«አየኋት።»

«እንዴት ናት?»

«ተቀምጣለች። እህል ትበላለች።»

«መቼ እመጣለሁ አለች?»

«ገና አለች።»

አባ መንሹን መሬት ላይ ሰክቶ ፊቱን አዞረ። እናና መቀነታቸውን ፈቱና መልሰው አሰሩት። እትዬ ዘውዴ ከንፈሯን መጠጠች። እኔ ብቻ ዘለልሁ። ገና አለች። ገና ደግሞ ቅርብ ነው፤ ልጆቹ ዱላ መቁረጥ ጀምረዋል።

ማታ እናና አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ስሚ የሺ። ‹ገና› ማለትኮ ገና ማለት ነው።»

«አዎ እናና፣ ገና።»

«በዓሉን አይደለም።»

«ታዲያ የትኛውን ገና ነው?»

«ገናን ነዋ። ገና... ገና ያልሆነውን።»

«በዓሉም እኮ ገና ነው፣ አልሆነም። ሲሆን ትመጣለች።»

እናና ወደ ጣሪያው አዩ። በሕይወታቸው በክርክር ሲሸነፉ ያየሁት ያን ቀን ነው። አባ ከደጅ ሆኖ «ተይያት እማዬ፣ እሷ እንኳ ደስ ይበላት» አለ።

በማግሥቱ የአጠባበቄን ሕግ ለወጥሁ። ወደ ወረታ የሚሄድ መንገደኛ እሸት ሲነካ እንደ ድሮው አባርራለሁ። ወደ ሐሙሲት የሚሄደውን ግን እኔው ሮጬ አስቆመዋለሁ፣ እኔው ነቅዬ አሲዘዋለሁ። ወንዛዬ ያለው በዚያ በኩል ነው። ለገና የሚመጣ ሁሉ ደግሞ ወረታ ገበያ ይወጣል ሲባል ሰምቻለሁ።

«እናቴ ወንዛዬ አለች። ስሟ ጥሩወርቅ ነው። ለገና እንደተባባልነው ወረታ ገበያ እጠብቃታለሁ በላት።»

«እኔ ሐሙሲት ነኝ የምቀር።»

«ሐሙሲት ለሚያልፍ ሰው ንገረው። ብላ።»

አፉ ሙሉ ሆኖ እንቢ የሚል የለም። አንድ ጊዜ ቄስ መጡ፣ ጥላ ዘርግተው፣ በበቅሎ።

«የኔ ልጅ፣ እኔ እኮ አንበሳሜ ነኝ የምሄደው» አሉኝ።

«አንበሳሜም ሰው አለ አባ። ይብሉ።»

ሳቁና ከበቅሏቸው ሳይወርዱ ተቀበሉኝ። እንዲህ እንዲህ እያልሁ ከመንገዱ በኩል ያለውን ማሳ ባዶ አደረግሁት። አባቴ አየው፣ አልተቆጣኝም።

ከገና በፊት ያለው የመጨረሻው ገበያ ደረሰ። እናና ሁለት ዶሮና አንድ እስር ጌሾ ያዙ፣ እኔ እሸቴን በጀርባዬ አዘልሁ። በጉያዬ አንዲት ሰንበሌጥ ደብቄያለሁ። የእማን ዱካ ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት ለክቼ የቆረጥኋት ናት። እማ ባዶ እግሯን እንደሄደች አልረሳሁማ።

ወረታን በቅርብ አይቻት አላውቅም ነበር። ከሩቅ ቆርቆሮው ሲያበራ «እናና፣ የወረታ ውኃ አልሸሸም» ብዬ ቀሚሴን ሰበሰብሁ። ስንደርስ ውኃም የለ። ሰው ነው። በግ ተጎትቶ አልሄድም ይላል፣ ዶሮ እግሩ ታስሮ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ሰው ያያል፣ የገና ዱላ እንደ ማገዶ ተከምሯል። ቅቤ ተራ ስንደርስ እናና «አፍንጫሽን ያዥ፣ ጾም ነው» አሉኝ። ማሽተት የሚያስገድፍ መስሎኝ ትንፋሼ እስኪያጥረኝ ያዝሁት። እሳቸው ግን የረሱት ዕቃ ያለ ይመስል በዚያው ተራ ሁለት ጊዜ ተመላለሱ።

እሸቴ ቶሎ አለቀ። አንዲት እስር ብቻ አስቀረሁ፣ ለእማ። ከዚያ ጫማ ተራ ሄድሁ። ኮንጎ ይሉታል፣ የላስቲክ ጫማ፣ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ።

«ለማን ነው?» አለኝ ባለ ጫማው።

«ለእማ።»

«እግሯስ የታለ?»

ሰንበሌጧን አወጣሁ። «ይኸው።»

ሰውየው ለካ። እንደገና ለካ። ጎረቤቱን ጠርቶ አሳየው። «ቆንጅት፣ እናትሽ ሴት ናት ወይስ ግመል?»

«እየዳነች ስለሆነ ነው» አልሁት።

እናና ከኋላዬ ደረሱ። «ምን ልትሠሪ ነው? ላልመጣ ሰው ጫማ ልትገዢ?» የሸጥሁበትን ሁሉ ለሰውየው አስጨበጥሁት። አልበቃውም። እናና አጉረመረሙ፣ መቀነታቸውን ፈቱ፣ የጎደለውን ሞሉልኝ። ያን ቀን ስለምን እንደሞሉልኝ የገባኝ እኔም እናና ከሆንሁ በኋላ ነው።

ጫማውን አቅፌ በሐሙሲት በኩል ካለው የገበያው ጫፍ ተቀመጥሁ። ዓይኔ መንገዱ ላይ ነው። የምፈልገው ቃሬዛ ነው። በቃሬዛ የሄደች በቃሬዛ ትመጣለች፣ ሌላ አላሰብሁም። የጭነት መኪና ይመጣል፣ አቧራውን ያለብሰኛል፣ ሰውና ጆንያ ያራግፋል፤ እኔ ቀና ብዬም አላየው። አንድ ጊዜ እውነትም ቃሬዛ ብቅ አለ። ጫማውን እንዳቀፍሁ ሮጥሁ። አንድ ሽማግሌ ናቸው፣ ወደ ሐኪም የሚወስዷቸው። ዓይናቸውን ገልጠው «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። የጥሩወርቅ ልጅ ነኝ ለማለት አፌ እንቢ አለኝ። ተመለስሁ።

ፀሐይ ዘቀዘቀች። በጎቹ አለቁ። ሴቶቹ ጨርቃቸውን እያራገፉ መነሣት ጀመሩ። እናና አጠገቤ መጡና ተቀመጡ። እናና መሬት ላይ ሲቀመጡ ነገር አለ ማለት ነው።

«የሺ።»

«እህ።»

«እናትሽ ያለችው ‹አሁን አልችልም› ነው። ‹አልዳንሁም› ነው ያለችው። ‹ገና› ማለት እሱ ነው ልጄ።»

እንዲህ አድርጎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ገባኝ። ዱካው ትዝ አለኝ። ስንጥቁም ትዝ አለኝ። እግሯ አላደገም፤ መሬቱ ነው የተሰነጠቀ። አላለቀስሁም፤ እንባው በየት እንደሚመጣ ጠፍቶት ይሁን እንጃ። መንገዱን ብቻ ማየት ቀጠልሁ።

ከኋላዬ አንዷ ገበያተኛ ቆመች።

«ይኸ እሸት ይሸጣል?»

«አይሸጥም» አልሁ ሳልዞር።

«ትንሽ ብታቀምሽኝስ? መንገደኛ ነኝ።»

«ለመንገደኛ ጨርሻለሁ።»

«ወደ ሐሙሲት ለሚሄድ ትሰጫለሽ ሲሉ ሰምቼ ነበር።»

መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው። ያበጠ፣ አቧራ የጠጣ፣ ባዶ እግር። መሬት ላይ ቆሟል፣ በራሱ። አጠገቡ ምርኩዝ። ከዚያ ቀሚስ። ከዚያ እማ።

አልጮኽሁም፣ አላቀፍኋትም። «ቃሬዛሽ የታለ?» አልኋት።

«ሐሙሲት ገበያ ሸጥሁት» አለች።

እናና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉና ቆዩ። ሲገልጡት ዓይናቸው ቀልቷል፣ ድምፃቸው ግን የዳኛ ነው። «አመድ መስለሻል። ጸጉርሽን የሚያበጥር እዚያ የለም?» አሏት። እማ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች፣ ያን ጊዜ እኔም መሐል ገባሁ፣ ያን ጊዜ እንባውም መንገዱን አገኘ።

ጫማውን አወጣሁላት። ባለ ጫማው ሳይቀር መጥቶ ያይ ነበር፣ ግመሏን ሊያይ። ለጤነኛ እግር ሁለት ጣት ያህል ይረዝማል፤ ላበጠ እግር ግን ልክክ። እማ ሁለት ርምጃ ሄደች። ኮንጎው ቿ፣ ቿ አለ። «ማን ለካልሽ?» አለችኝ። «ጎተራው ጥግ ያለው እግርሽ» አልኋት። አልገባትም፣ ግን ሳቀች።

ወደ ቤት እያዘገምን ነገረችን። «እኔማ ያልሁት ገና ነው። እግሬ ከረገጠ ሰንብቷል። እንዲህ እያነከስሁ ገብቼ የሰው ሸክም ከምሆን፣ እንደ ድሮዬ እስክሆን ልቆይ ብዬ ነበር። ከዚያ አንዱ ይመጣል፣ ‹ጥሩወርቅ ማናት? ልጅሽ ለገና ወረታ ገበያ ትጠብቅሻለች›። በነጋታው ሌላው ይመጣል። ቄስ ሳይቀሩ ከአንበሳሜ ላኩብኝ። መልእክተኛው ሁሉ ሽምብራ ሽምብራ ይሸታል። ፍል ውኃው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ‹መቼ ነው የምትነሺው?› እያለ ያፋጥጠኛል። አገሩን ሁሉ ቀጥራብኝ እንዴት ልቅር?» አያ ካሴ እስከ ሐሙሲት በአህያው አምጥቷት፣ ከዚያ በጭነት መኪና መጥታ፣ እኔ ቃሬዛ ስጠብቅ በጆንያ መካከል ወርዳለች።

ቤት ስንደርስ አባ ደጅ ላይ ቆሞ ነበር። ቿ፣ ቿ የሚለውን ሰምቶ ማን ነው ብሎ ጠየቀ። እማ «ገና ነኝ» አለችው።

በማግሥቱ እትዬ ዘውዴ ልትጠይቅ መጣች። ሁሉን ሰማች፤ አንድም ቃል ሳታስገባ፣ እሷ እንዲህ ሆና አታውቅም። የእማን እግር አየች፣ ኮንጎውን አየች፣ ባዶውን ማሳ በበሩ አሻግራ አየች፣ መጨረሻ እኔን አየችኝ።

«እንግዲህ ይች ልጅ ‹ለፋሲካ› ብላ ልካብሽ ቢሆን ኖሮ» አለች ለእማ፣ «እስከ ፋሲካ እዚያው እንደ ጌሾ ተዘፍዝፈሽ ትቀሪ ነበር።»